«አሬቭ» ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይፈርሙ

እዚህ ቤር ሼቫ ለሥራዬ ከቤት ቤት ስዞር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። የኪራይ ውሉን፣ ሖዜውን፣ የሚያነበው የልጅ ልጅ ነው፤ የሚፈርሙት አያት ናቸው። ልጁ ዕብራይስጡን ቢያቀላጥፈውም ፊርማው የሚያስከትለውን ከየት ያውቃል? በእኔ አስተያየት ጥቂት የኪራይ ቃላትን መማር ያለበት ፈራሚው ራሱ ነው።

ከሁሉ በፊት «አሬቭ» የምትለዋን። ዋስ ማለት ናት። ለብዙ አባቶቻችን ዋስ መሆን «ልጁን አውቀዋለሁ» ብሎ መመስከር ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ተከራዩ ካልከፈለ የቤቱ ባለቤት የሚመጣው ወደ ዋሱ ኪስ ነው። በይሉኝታ ለዘመድ ልጅ የሚፈርሙ ሁሉ ይህን አውቀው ይፈርሙ፤ እምቢ ማለትም ነውር አይደለም። ቃሏ በጽሑፍ ታሳስታለች፦ ዓይን፣ ሬሽ፣ ቤት ተብላ ስትጻፍ ማታ ከሚለው «ኤሬቭ» አትለይም። «ሽታር ሖቭ» ደግሞ የዕዳ ሰነድ ነው። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ከሆነ አይፈርሙበት፤ ቤቱን ሲለቁም ተቀብለው ይቅደዱት።

በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ ለአንድ ዓመት ውል በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚያዘው መያዣ ከ3 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ደላላውን የቀጠረው ባለቤቱ ከሆነ ከፋዩም እሱ ነው። አርኖናና የየወሩ ቫአድ ባይት ግን የተከራዩ ናቸው።

እኔን እንደ ነርስ የምትቆረቁረኝ ቃል «ረቲቩት» ናት፤ የግድግዳ እርጥበት። ጥቁር ሻጋታ ከአልጋው ራስጌ ወጥቶ፣ አስም ያለበት ልጅ ሲያስል ያድራል፤ ወላጆች ግን «ባለቤቱ እንዳይቀየመን» ብለው ቀለም ይቀቡበታል። ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ ውስጥ ቧንቧ የሚመጣ እርጥበት «ሊኩይ»፣ ጉድለት፣ ነው፤ ማስጠገኑ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ቢዘገይ በ30 ቀን፣ ቤቱን የማያስኖር «ዳኹፍ»፣ ማለትም አስቸኳይ፣ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ። (ልብስ ቤት ውስጥ በማድረቅ የሚመጣው እርጥበት ሌላ ነው፤ ለእሱ መስኮት መክፈት ነው።) ቀኑ የሚቆጠረው ጥገና ከጠየቁበት ዕለት ስለሆነ፣ በቃል ከመናገር ፎቶ አንስቶ «የሽ ረቲቩት ባዲራ» ብሎ በዋትሳፕ መላክ ይሻላል። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ ይጻፍልዎት፤ ምን እንደሚጻፍ የሚነግሩት ግን እርስዎ ይሁኑ።