ዉዱእ እንዳይፈርስ ብሎ መጠማት ዒባዳ አይደለም



ባለፈው ረመዳን ከዱርቤቴ የመጣ አንድ ወንድማችን ከዐስር ሶላት በኋላ ዶርም ገብቶ ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ተኛ ብንለው መተኛት፣ ተቀመጥ ብንለው መቀመጥ አልቻለም። ሕመሙ ከጎድን አጥንቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ብሽሽቱ ይወርዳል፤ ደግሞ ያስመልሰዋል። ቤት ሲደውል እናቱ «ውጋት ነው ልጄ፣ ምች መትቶህ ይሆናል» አሉት። እኛ ክሊኒክ እንሂድ ስንለው «መግሪብ ሊደርስ ነው፣ ፆሜን አላፈርስም» አለን። አንድ ሰዓት ያህል ስንከራከር ቆይተን በመጨረሻ ደግፈን ወሰድነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘ።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ ደህና ነው። ግን በኋላ ስናወራ የነገረን ነገር ሁላችንንም አስደነገጠን። ከረመዳን ውጭም ቢሆን ጠዋት ዉዱእ አድርጎ ከወጣ እስከ ዐስር ድረስ ውኃ አይጠጣም ነበር። «ዉዱኤ እንዳይፈርስ» አለ። ማን ይፍረድበት? እኛስ የመጸዳጃው ወረፋና የውኃው መቋረጥ እየታሰበን ስንቴ ጠርሙሳችንን ሳንከፍት ውለናል? እህቶቻችን ደግሞ ከኛ ይበልጥ ይቸገራሉ።

ኩላሊት ደማችንን አጣርቶ ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል። የምንጠጣው ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ በውስጡ ያሉት ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ መሟሚያ ያጣሉ። ውኃው ተኖ ጨው ድስቱ ሥር እንደሚቀር ሁሉ እነሱም እየረጉ ጠጠር ይሆናሉ። ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ ሳለ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወስደው ቀጭን ቧንቧ ገብቶ ሲወተፍ ግን ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ያ አንከባላይ ሕመም የሚመጣው ያኔ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ተለቅ ያለው በድንጋጤ ሞገድ ይሰባበራል ወይም በመሣሪያ ይወጣል። ሽንት አፍኖ መዋልም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ስለዚህ አቋማችንን በግልጽ እንናገር፦ ዉዱእን ለመጠበቅ ብሎ ራስን ማስጠማት ከዲናችን አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሽንት እየተጫነን እንዳንሰግድ ከልክለውናል። ዉዱእ ቢፈርስ ማደስ ይቻላል፤ እንዲያውም አጅር አለው። የተጎዳ ኩላሊት ግን እንደ ዉዱእ በደቂቃ አይታደስም።

በረመዳንም ነገሩ ያው ነው። ጤነኛ ሰው መፆሙ ብቻውን ጠጠር ያመጣበታል የሚያሰኝ ጽኑ ማስረጃ የለም። ችግሩ ሌሊቱን የምናሳልፍበት መንገድ ነው። ያለፉት ዓመታት ረመዳን የዋለው በየካቲትና በመጋቢት፣ የጎጃም ፀሐይ በሚበረታበት ወቅት ነው። በኢፍጣር ለስላሳና ጨው የበዛበት ሳምቡሳ፣ ከተራዊሕ በኋላ ቡና፣ ሱሁር ላይ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ! ከመግሪብ እስከ ሱብሒ 11 ሰዓት ገደማ አለን። ያን ጊዜ ከፋፍለን ከስምንት እስከ አሥር ብርጭቆ ብንጠጣ ሽንታችን የነጣ ይሆናል። የሽንታችን ቀለም ራሱ መለኪያችን ነው። ከዚህ በፊት ጠጠር የያዘው ሰው ግን ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ያማክር፤ አንዴ የያዘው ብዙ ጊዜ ይመለስበታልና።

ታሞ ፆም መፍታትስ? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ቀኑን በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ይህ ምሕረት ነው፤ ምሕረቱን መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም። ወንድማችንን ያሰረው ሕግ ሳይሆን «ሰው ምን ይለኛል» ነበር። እኛም አንድ ሰዓት መከራከራችን ጥፋት ነበር።

ሌላም አለ። «ቢራ ጠጣ፣ ጠጠሩን ያወርደዋል» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። ሽንት የሚያበዛው ፈሳሹ ከሆነ ውኃ ያንኑ ይሠራል፤ ለሐራም የሚያስገድድ ምንም ነገር የለም። ወተት መተውም መፍትሔ አይደለም፤ በምግብ የምናገኘው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። መቀነስ ያለበት ጨውና የበዛ ሥጋ ነው። ሕክምናውን እንደ ባዕድ ለምናይም፣ አቡበክር አል-ራዚ ከ1,000 ዓመት በፊት ስለ ኩላሊትና ፊኛ ጠጠር ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል፤ የአንደሉሱ አል-ዘህራዊም ጠጠር የሚወጣበትን ቀዶ ጥገና ከነመሣሪያው አስፍረዋል።

ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በኅብረት ኢፍጣራችን ከለስላሳው ግማሹ በውኃ ይተካ። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ለዉዱእ የሚሆን ጀሪካን በተራ እንሙላ፤ ያኔ ጠርሙሱን ለመክፈት ማንም አይሰጋም። ጎኑን ይዞ የሚያቃስት፣ ሽንቱ የቀላ ወይም ያስመለሰው ካለ «ምች ነው» ብለን አናስተኛው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ወይም ሽንቱ ከተቋረጠ ደግሞ ያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ገላችን አማና ነው። አላህ አማናውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።