የመራጮችን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፉልን

ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ። ባለፈው ስለ ዲጂታል የመራጮች ምዝገባ ሁለት መስመር ጥያቄ ብጽፍ ግማሹ ሰው «ለውጥ ጠል» አለኝ፣ ግማሹ ደግሞ «ምርጫው ከውጭ ሊጠለፍ ነው» ብሎ ሼር አደረገው። እኔ ሁለቱንም አላልኩም። ያልኩት ይሄ ነው፦ የሮቤ፣ የጎባ፣ የዲንሾና የሲናና ሰው ስሙ መኖሩን በራሱ ዓይን ሊያረጋግጥበት የማይችል መዝገብ፣ አንድም ሀከር የማይደርስበት ቢሆን እንኳ፣ «የተጠበቀ» አይባልም።

ነገሩን ላልተከታተለ በአጭሩ ልንገረው። ምርጫ ቦርድ ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮችን ምዝገባ በዲጂታል መንገድም ለማካሄድ ተነስቷል። ድምፅ መስጠቱ ግን አሁንም በወረቀት ነው፤ ቆጠራውም እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነው። ምዝገባው ወደ ዲጂታል መሄዱን አልቃወምም። በ2013 ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ያን ሁሉ በእጅ የተጻፈ መዝገብ እርስ በርሱ አመሳክሮ ሁለት ቦታ የተመዘገበን ሰው ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ኮምፒውተር ይህን በደቂቃ ይሠራዋል። ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «ሲስተሙን ማን ይጠብቀዋል?» ብለን ስንጠይቅ ሁሉም ሰው ወደ ሩቅ አገር ጣቱን ሲቀስር ነው።

እስቲ የራሳችንን ታሪክ እንይ። በ2007 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ወሰዱ። ይህን ያደረገው የትኛው ሀከር ነው? በ1997 በውጤት ሰበብ የሰው ሕይወት ሲጠፋ የተጠለፈው የትኛው ሰርቨር ነበር? በ2015 የወላይታ ዞን ሕዝበ ውሳኔ ውጤት በቦርዱ በራሱ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን በድጋሚ የተካሄደው በቫይረስ ምክንያት ነው እንዴ? የኛ አገር ድምፅ እስከ ዛሬ የተጎዳው በቅርብ እጅ ነው፤ ማኅተም በያዘ፣ መዝገብ በያዘ፣ የሚፈራ ወንበር ላይ በተቀመጠ እጅ። አሁን ለዚያ እጅ ፓስወርድ ልንሰጠው ነው። ልዩነቱን አስቡት። በወረቀት መዝገብ ላይ 300 ስም መሰረዝ የሚፈልግ ሰው 300 ጊዜ መስመር ማስመር አለበት፤ ስርዙም ይታያል። ፓስወርድ የያዘ ሰው ግን ቡናው ሳይበርድ ይጨርሰዋል። ማን፣ መቼ፣ ከየት ገብቶ እንደቀየረ የሚመዘግብ ሥርዓት ከሌለ ደግሞ «ሲስተሙ ነው» ይባልና ነገሩ ያበቃል።

«ሲስተሙ ነው» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ማን ይረሳል? ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ አወጣ፣ አስተላለፈ። ባንኩ እንዳስታወቀው ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሞ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ የራሱ የባንኩ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ያመጣው ስህተት ነው ተባለ። ስለዚህ ሲስተም እንዲበላሽ የግድ ጠላት አያስፈልገውም። አንድ ያልተፈተሸ ማሻሻያ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ «ቴሌብር ይሠራል፣ ባንኩም ይሠራል፤ ምርጫው ለምን በስልክ አይሆንም?» ለምትሉኝ ወዳጆቼ ልመልስ። ንግድ ባንክ አብዛኛውን ገንዘብ ያስመለሰው እያንዳንዱ ግብይት ላይ የሰው ስም ስላለ ነው። ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ይፋ አደረገ። ድምፅ ግን ምስጢር ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስም የለም፣ መኖርም የለበትም። የተሰረቀ ብር ባለቤቱ ይታወቃል፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀየረ ድምፅ ግን የማን እንደነበር ማንም አያውቅም፣ ተመላሽ የለውም። ለባንክ የሚበቃ ጥንቃቄ ለምርጫ የማይበቃው ለዚህ ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የድምፅ መስጫ ኮምፒውተሮችን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ያለውም በዚሁ መንፈስ ነው፦ ዜጋው የተለየ የቴክኒክ እውቀት ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት። ጀርመኖች ኮምፒውተር ስላነሳቸው አይመስለኝም።

«ኢንሳ ይጠብቀዋል» የሚለውም መልስ አይሆንም። የኢንሳ ባለሙያዎች ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ሰኔ 9 ቀን 2013፣ ምርጫው ሊካሄድ 5 ቀን ሲቀረው፣ ፌስቡክ ከተቋሙ ጋር ግንኙነት አላቸው ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዙ በርካታ የሐሰት አካውንቶችንና ገጾችን ማጥፋቱን አስታውቋል። ይህን የማነሳው ለመወንጀል አይደለም። ጠባቂውም የመንግሥት ነው፣ በምርጫው የሚወዳደረውም መንግሥት የያዘው ፓርቲ ነው። እንዲህ ሲሆን ከጠባቂው ሌላ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እኛ ግን አደራውን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ባሌያችን ልምጣ።

አንደኛ፣ ኔትወርክ። ሮቤና ጎባ መሃል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስልክ ይሠራል እንበል። ሰነቴን ተሻግሮ ሀረና ጫካ ውስጥ ያለው የሪራ ሰውስ? ደግሞም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር አንርሳ። ያኔም ሀከር አልነበረም። ኢንተርኔት ሲጠፋ የማይሠራ የመራጮች መዝገብ፣ ኢንተርኔት የማጥፋት ሥልጣን ባለው አካል እጅ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስማችን። አንድ ሙሐመድ የሚባል ሰው በአማርኛ ብቻ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ ሆኖ ይጻፋል። በቁቤ ሲጻፍ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነው። ሁሴን፣ ኢብራሂም፣ ፋጡማም እንደዚያው። ኮምፒውተሩ «ተደጋጋሚ ስም» ብሎ አንዱን ሲያስወጣ፣ ወይም «አልተዛመደም» ብሎ ሲጥል፣ የሚጎዳው ማን ነው? በስንዴ እርሻው ላይ ውሎ ጉዳዩን የማያውቀው የሲናና ገበሬ ነው። የሚያውቀው በምርጫው ዕለት ከሰልፉ ሲመለስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባቶችና እናቶች «ተመዝገብልኝ» ብለው ለወንድም ልጅ ወይም ለሱቅ ልጅ መታወቂያቸውን ይሰጣሉ። በአጭር መልእክት የመጣውን የምስጢር ቁጥር ያነቡለታል። ቴሌብር ላይ ሰው የተዘረፈው በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ሰርቨር መጥለፍ አያስፈልግም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ጎረቤታችን ኬንያ ሁለቱንም አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሩን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሠረት አልከፍትም አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ሰረዘው። በ2022 ግን ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ ምርጫ ጣቢያዎች የተፈረሙ የውጤት ቅጾችን ፎቶ ማንም ሰው በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ጫነ። «ሲስተሙ ተጠልፎ ቅጽ ተቀይሯል» የሚል ክስ ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ኦሪጅናሉን ወረቀት አስመጥቶ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያየውና ክሱን ጣለው። የ2022ቱን ምርጫ ከጥርጣሬ ያወጣው ግልጽነቱና ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አራት ነገር ነው፦

1. የእያንዳንዱ ምርጫ ጣቢያ የመራጮች ዝርዝር ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አቤቱታ እንዲቀርብበት የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ 1162/2011፣ ይላል። ዲጂታል ሆነ ተብሎ አይቅር። ስምና ጣቢያ ብቻ ይበቃል፤ ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የፋይዳ ቁጥር አይውጣ። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2016 የ55 ሚሊዮን ያህል መራጮች መረጃ የተዘረገፈባት አገር ናት። እኛም አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለን፤ ይሥራበት።

2. ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የተሰረዘና የተጨመረ ስም ሁሉ ከነምክንያቱ ለፓርቲዎችና ለታዛቢዎች ይሰጥ። ለእያንዳንዱ አስፈጻሚ የራሱ ፓስወርድ ይኑረው፤ አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው አይሁን።

3. ሲስተሙን ከመንግሥትም ከፓርቲም ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ ይፈትሸው፤ ግኝቱም ይውጣ። ለምሳሌ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር መምህራን ገብተው ቢሞክሩት ምን ይጎዳል? ልጆቹ ክፍተት ካገኙ መሸለም እንጂ መታሰር የለባቸውም።

4. እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የተፈረመው የውጤት ቅጽ በር ላይ ከመለጠፉ በተጨማሪ ፎቶው በዚያው ሌሊት በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ። የጎባ ሰው የጣቢያውን ቁጥር በስልኩ ካነሳው ፎቶ ጋር ያስተያይ።

«ተቃዋሚ በሌለበት ምርጫ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2013 ኦነግና ኦፌኮ ከምርጫው መውጣታቸውን፣ እዚህ አካባቢ ምርጫው ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል። አማራጭ የሌለበት ምርጫ በጥሩ መዝገብ አይድንም፤ እውነት ነው። ግን አማራጭ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ መዝገቡ የተበላሸ ከሆነ ያም ቀን አብሮ ይበላሻል። መዝገብ የሚጠበቀው ሰው ሳይጣላበት በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

እስከዚያው እኛም የኛን እናድርግ። «ለምርጫ ለመመዝገብ ይህን ይጫኑ» የሚል ሊንክ በቴሌግራም ሲመጣላችሁ አትጫኑ፣ ወደ ሌላ ግሩፕም አትላኩ። በስልክ የመጣላችሁን የምስጢር ቁጥር ለማንም አታንብቡ። ስማርት ስልክ ያላችሁ ልጆች ደግሞ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጣቢያው ሂዱ፤ በእነሱ ስልክና በእነሱ ፊት ይመዝገቡ። ካርዳቸው ላይ ያለው ስም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። ዝርዝሩ ካልተለጠፈ «የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከነቀኑ ጻፉት።

በአፋን ኦሮሞም ነገ እጽፈዋለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አለሁ፤ ስድብ ሳይሆን ምክንያት ይዛችሁ ኑ።