ዘፋኙ ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለቡ መብራት ኃይል ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፥ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ኃይለኛ የጊታር ድምፅ ይሰማ ነበር። አጠገቤ ከነበሩት ሁለት ተማሪዎች አንደኛው፥ «ዘፋኙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ጃኖ» አለው ጓደኛው። «ጃኖማ ልብስ ነው፤ እኔ የሰውየውን ስም ነው የጠየቅሁህ!» ቢለው ሁለቱም ሳቁ። እኔን ግን፥ አንባቢያን ሆይ፥ ጥያቄው እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በአገራችን ልማድ አልበም የሚጠራው በዘፋኙ ስም ነው። ጊታር መቺው፥ ከበሮ መቺውና ሳክስፎን ነፊው ከኋላ ሆነው ያጅባሉ፤ ጭብጨባው ግን ለአንድ ሰው ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በገዛ ስሙ ማውጣቱ ከልማዱ የወጣ ነገር ነበር። ኋላም አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰው ሥራ መሥራት ሲጀምር፥ አጃቢው ጭራሹን ተረሳ።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የወጣው በዚህ መካከል ነው። ጃኖ ባንድ ለመጀመሪያ አልበሙ የአፋሩን እሳተ ገሞራ ስም ሰጠው። አዲስ ገሠሠ ያሰባሰባቸው እነዚህ ወጣቶች ዐሥር ነበሩ። ከነርሱም አራቱ ድምፃውያን ሲሆኑ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ ይኸውም ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋርም፥ ሞተርሄድ ከተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጋርም የሠራ ሰው ነው። ጊታሩ የሮክ ጊታር ነው፤ ቋንቋው ግን አማርኛ ነው።

በውጭ አገርም ከባድ ሮክ የተጀመረው በማኅበር ነው። በበርሚንግሃም ከሠራተኛ ሰፈር የወጡ አራት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያወጡ፥ ስሙን በባንዳቸው ስም «ብላክ ሳባዝ» አሉት። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦ ነበር። ቢሆንም ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶ መምታቱን አልተወም። ከዚያ ወዲህ የመጡት የሄቪ ሜታል ባንዶች ዘራቸውን ወደዚያ ሸክላ ይቈጥራሉ።

«ኤርታሌ» ይህን ያህል ልጆች ወልዷልን? እውነቱን ለመናገር፥ ከርሱ በኋላ አገራችን በሮክ ባንድ አልተሞላችም። ጃኖ ራሱም ሁለተኛ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ነገር ግን ዐሥር ሰው በአንድ ስም ተጠርቶ አድማጭ ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ያ ተማሪ የአንድ ሰው ስም ፈልጎ ያጣውም ስለዚሁ ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ፥ በየትምህርት ቤቱም በቡድን የምታጠኑ ወጣቶች፥ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። ዘገባው ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ክርክር ስንት መልካም ሥራ ተበላሽቷል! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፥ እስቲ በሚቀጥለው ሥራችሁ «ይህን የሠራው ማን ነው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፥ የአንድ ሰው ስም ከመጥራት ይልቅ «እኛ ነን» ለማለት ሞክሩ።