ዶሮዋ መቀለጃ አይደለችም!

ወገን! በዓል ሲመጣ ቲቪ ስትከፍት የምታየውን ታውቀዋለህ። ታዋቂ አርቲስቶች ሽርጥ ታጥቀው ዶሮ ብለት ይወዳደራሉ። አንዱ 12ቱን ብልት አያውቅም፣ ሌላው ቢላዋ አያያዙ ያስፈራል፣ ስቱዲዮው በሳቅ ይፈርሳል። ላላወቀው ይጨበጨባል! የምታውቀው እናትስ የታለች?

ውድድር ይቅር አላልንም። የእኛው ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ»ን ያሸነፈው ከስመ ጥር ሼፎች ጋር ተፋልሞ ነው። እዚያ መድረክ ላይ የወጡት በሙያቸው የታወቁ ናቸው።

«ቀልድ እኮ ነው» ትለኝ ይሆናል። በጤፍ ግን ሌላው አልቀለደም። የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ እስኪያደርግበት ስንት ዓመት ተንገበገብን! እኛ የናቅነውን ሌላው በስሙ ያስመዘግበዋል።

አሁን ወደ ድሬ ና። (አንተ ስልህ አትቆጣ፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም።) የመልካ ጀብዱ ልጅ ከሆንክ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ምሳ የሚያደርሱትን እናቶች ታውቃቸዋለህ። ላሆህ የሚጋግሩ አሉ፣ ፈጢራ የሚጠብሱ አሉ፣ የግመል ወተት ዕቃ አጥነው የሚያቀርቡ አሉ። ዳኛ መሆን ያለባቸው እነሱ ናቸው! አርቲስቱ ከጎናቸው ቆሞ ሽንኩርት ይላጥ፤ ያኔ እኛም አብረን እንስቃለን።

ለሚቀጥለው በዓል ቪዲዮውን ሼር ከማድረግህ በፊት ኮመንት ላይ «ባለሙያዋ የታለች?» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ስልክህን ይዘህ ሰፈርህ ካሉት አንዷን አስፈቅደህ ቅረጻት። ስሟንና ሙያዋን ጽፈህ ላክልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ እንለጥፈዋለን።