ደንዲ ሁለተኛ ቢሾፍቱ እንዳይሆን

የአዲስ አበባ ሰው የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ይታወቃል፤ ወደ ቢሾፍቱ ነው። ቅርብ ነውና አንነቅፈውም። ዳሩ ግን የሐይቆቹ ዳርቻ አብዛኛው በሆቴልና በሎጅ አጥር ተይዟል። ውሃውን ቁጭ ብሎ ለማየት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወንበር ይዞ አንድ ነገር ማዘዝ አለበት። እሑድ ደግሞ ወንበሩም አይገኝ! ከከተማው ጫጫታ የሸሸው ሁሉ ጫጫታውን አስከትሎ መጥቷልና።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የኢጣልያዋ ቬኒስ በ2016 ዓ.ም. በተወሰኑ ቀናት የቀን ጎብኚን 5 ዩሮ የመግቢያ ማስከፈል ጀምራለች። (የላሊበላን የገና መጨናነቅ ከዚህ አልቆጥረውም፤ እዚያ ሕዝቡ ራሱ በዓሉ ነው።)

እንግዲህ ወደ ምዕራብ ሸዋ እንምጣ። በአምቦ መንገድ ላይ ምን ጠፍቶ! ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የተዉአት አዲስ ዓለም አለች፤ በጊንጪ አጠገብ የጥድና የዝግባው የጭልሞ ደን አለ፤ ከአምቦ አለፍ ሲሉ የጉደር ፏፏቴ አለ። አብዛኛው የከተማ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አገር የሚያውቀው በጠርሙስ የገባውን የአምቦ ውሃና ጉደር የተባለውን ወይን ጠጅ ብቻ ነው።

ከአምቦ በስተ ደቡብ ያለው ወንጪ ግን ከእንግዲህ ጭር ያለ ስፍራ አይባልም። በገበታ ለሀገር ዕቅድ መንገድና ሎጅ ተሠራለት፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አለው። መንገዱን የምጠላ እንዳይመስልብኝ፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው። የምጠይቀው ስለ ገበሬው ነው። እንግዳውን በፈረስ ቁልቁል ያወርድ፥ በታንኳም ወደ ቂርቆስ ደሴት ያሻግር የነበረው እርሱ ነውና፥ እንግዳው ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ሎጁ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ለገበሬው ምን ተረፈው?

አሁን ከወንጪ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራው ደንዲ ነው። ደንዲ እንደ 8 ቁጥር የተያያዘ መንታ ሐይቅ ነው። የሁሉቃ ወንዝ ከእርሱ ወጥቶ አምቦን አቋርጦ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሐይቁ ዳር የሚደፋው ቆሻሻ እዚያው አይቀርም።

አንዳንዶች «ሎጅ ካልተሠራ ሥራ ከየት ይመጣል?» ይሉ ይሆናል። በበኩሌ ማደሪያው በጊንጪና በአምቦ ይሁን እላለሁ። ጊንጪ ሁለት ሌሊት ያደረ እንግዳ እንጀራውን ከጊንጪ ሴት ይበላል፥ ፈረሱን ከደንዲ ገበሬ ይከራያል፥ ጭልሞንም ሳያይ አይመለስም። የእሑዱ መኪና ግን ምሳውን ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ ላስቲኩን ጥሎልን ይሄዳል።

ስለዚህ በደንዲ ዳር ችካል ከመተከሉ በፊት፥ ከብት ውሃ የሚጠጣበትና መንገደኛም ሳይከፍል የሚቀመጥበት ዳርቻ በግልጽ ይለይ። ካርታውም በቢሮ ግድግዳ ላይ ብቻ ተሰቅሎ አይቅር፤ ለአካባቢው ሕዝብ በስብሰባ በኦሮምኛ ይነበብለት።