የማይተካው በኪሎ ሲመዘን

ቤት መቀየር ለከተማ ነዋሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማለዳ አይሱዙ በር ላይ ይቆማል፤ ጫኝና አውራጆች ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ቁም ሣጥኑና ማቀዝቀዣው ከታች፣ ፍራሹና የማድ ቤቱ ዕቃ ከላይ ይደረደራል። በመካከል፣ ቦታ በተገኘበት፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ በገና ይሰካል። ማታ ገመዱ ሲፈታ ማቀዝቀዣው ደህና ነው። የበገናው አንደኛ ምሰሶ ግን ከቀንበሩ ሥር ተሰብሯል፤ ገበቴውን የሸፈነው ቆዳም ተተርትሯል። ባለቤቱ ከአባቱ፣ አባትም ከመምህራቸው የተረከቡት መሣሪያ ነው እንበል፤ ለጉዞውም መድን ተገብቶለታል እንበል።

ለካሣ ጠያቂው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ተመሳሳዩ ዛሬ በገበያ ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከተሠራ ስንት ዓመት ሆነው?» የሚል ሲሆን፣ ይኸኛው ከመጀመሪያውም ይብሳል። ማቀዝቀዣ በዕድሜው ልክ ዋጋው ቢቀነስ አግባብ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል። በገና ግን በመደርደር ብዛት የሚሟሽ መሣሪያ ነው። ለማቀዝቀዣ በወጣ የእርጅና ተቀናሽ ሲሰላ፣ ክብሩ የሆነው ዕድሜ ዕዳው ይሆንበታል።

የዚህ አሠራር ጠበቆች መልሳቸው የታወቀ ነው። መድን ካሣ እንጂ የትርፍ ምንጭ አይደለም፤ ፍቅርና ትዝታ በገንዘብ አይተመኑም፤ ስለዚህ የእንጨቱንና የቆዳውን ዋጋ ከፍሎ የተሰናበተ ማንንም አልበደለም ይላሉ። የመጀመሪያው ሐሳብ እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን፣ ካሣውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ደንግጓል። ነገር ግን ሕጉ «ዋጋ» አለ እንጂ «የመርካቶ ዋጋ» አላለም። «ዋጋ የለውም» የሚለው ቃል በአድናቆት ሲነገር ከዋጋ በላይ ነው ማለት ነው፤ በካሣ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሲሰፍር ግን ባዶ ነው ማለት ይሆናል። ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው በዝምታ መሸጋገር ክርክር ሳይሆን ማታለል ነው።

ባለቤቱ ፊቱን ወደ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቢያዞር የሚጠብቀው የባሰ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር ለሞራል ጉዳት ገንዘብ አይከፈልም ይላል፤ በተፈቀደበትም ቦታ በአንቀጽ 2116 ጣሪያውን በ1,000 ብር ወስኗል። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር ገንዘቡ ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። በአንጻሩ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መብቱ ለተጣሰበት የሚከፈለው የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጓል። እንግዲህ የአንድን ሠዓሊ ሥዕል ያለ ፈቃዱ ያባዛ ሰው ለሞራል ጉዳት ቢያንስ 100,000 ብር ሲጠየቅ፣ ያንኑ አንድያ ሥዕል በቸልተኝነት ከመኪና ጥሎ የቀደደው የገበያ ግምቱን፣ ገበያ ያልወጣ ሥዕል ከሆነም የሸራና የቀለም ሒሳብ ከፍሎ ሊሄድ ይችላል። ቅጂው ከዋናው በለጠ ማለት ነው!

ችግሩ የአገር ቤት ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ቤቱን ሲያዛውር አጓጓዡ ሁለት አማራጭ ያቀርብለታል። ተጨማሪ ክፍያ የሌለበትን የፈረመ ሰው፣ በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ለተጎዳበት ዕቃ የሚያገኘው ቢበዛ በአንድ ፓውንድ ክብደት 60 ሳንቲም ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን በገና 11 ፓውንድ ያህል ነውና ካሣው 6 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። የእናት ፎቶግራፍማ በዚህ ሚዛን ምንም አይመዝንም። ሙሉ ዋጋ የሚባለውን የመረጠም ቢሆን፣ በፓውንድ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃውን አስቀድሞ በጽሑፍ ካላሳወቀ የአጓጓዡ ኃላፊነት ሊወሰንበት ይችላል።

መፍትሔው ያልታወቀ አይደለም። በሥዕልና በጥንታዊ ዕቃ መድን ሥራ መድን ሰጪና ባለንብረት ጉዳት ሳይደርስ፣ ዐዋቂ ገምቶት፣ በዋጋው ተስማምተው ይፈራረማሉ። ዕቃው ቢጎዳ የጥገናው ወጪ፣ ከተጠገነም በኋላ ከዋጋው የጎደለው ታስቦ ሊከፈል ይችላል። ይህ አሠራር ሐሰተኛ የካሣ ጥያቄ ያበዛል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ለማጋነን የሚመቸው ዋጋው ያልተጻፈ ዕቃ ነው እንጂ የተጻፈው አይደለም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የመድን ሰጪው ብቻ እንዳልሆነ መካድ አይገባም። ሥራዬ በገንዘብ አይተመንም እያለ ዝርዝር መጻፍን የሚንቅ የኪነ ጥበብ ሰው ጥቂት አይደለም። ፎቶግራፍ አላነሣም፤ ርዝመትና ወርዱን አልመዘገበም፤ ለጫኞቹ «ቀስ በሉ» ከማለት በቀር ያደረገው ጥንቃቄ የለም። ከዚያ በኋላ የሚያሰማው ምሬት እውነተኛ ቢሆንም ማስረጃ አይሆነውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የስባሪው ጉዳይ ነው። በመድን ልማድ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ የከፈለ መድን ሰጪ የተረፈውን መረከብ ይችላል። ለተገለበጠ መኪና ይህ ትክክል ነው፤ ባለመኪናው ብረቱን ምን ያደርግለታል? የአባት እጅ ያለሰለሰው ምሰሶ ግን ወደ መጋዘን ገብቶ ጨረታ ሲጠብቅ፣ የከፋዩ ጥቅም ኢምንት፣ የተከፋዩ ጉዳት ሁለተኛ ነው። አንድ ሠራተኛ ደግሞ ባለቤቱ ስባሪውን ላስቀር ሲል ዋጋውን ከካሣው ላይ ሊቀንስበት ይነሣል። የማይተካ ተብሎ በዝርዝር የተመዘገበ ዕቃ ስባሪው ያለ ተቀናሽ ለባለቤቱ እንዲቀር የሚል አንድ መስመር በቤት ዕቃ መድን ውል ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የውሉን ቅጽ የሚያዘጋጀው ክፍል በሚቀጥለው ኅትመት ሊያስገባው ይችላል።