ሒሳብ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ገበያ ይውረድ

ዕውቀት ከሠርቶ አደሩ የዕለት ኑሮ ጋር ካልተዋሐደ በስተቀር ከጥራዝ ነጠቅነት እንደማያልፍ የታወቀ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የመቶኛንና የወለድን ስሌት ለፈተና ያጠናሉ፤ ያልፋሉም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የብድር ውል ሲፈርሙ፣ የተማሩት ቀመር በእጃቸው ከያዙት ወረቀት ጋር ያለውን ዝምድና አያስተውሉም። ይህ ክፍተት የሚጠቅመው በሌላው አለማወቅ የሚከብረውን ወገን ብቻ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን በማያነበው ወረቀት ላይ የጣት አሻራውን እያሳረፈ ይጎዳ ነበር። ዛሬ ደግሞ ፊደል የቆጠረው ወጣት በማያሰላው ውል ላይ፣ በእጅ ስልኩ «እስማማለሁ» የሚለውን በመንካት ብቻ ባለዕዳ ይሆናል። የመሣሪያው መራቀቅ የችግሩን ምንነት አልለወጠውም።

ጉዳዩን በተጨባጭ እንመርምር። 12,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ፣ በ12 ወር ተከፍሎ የሚያልቅ ብድር ተወሰደ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ተበዳሪው 1,800 ብር ወለድ ይከፍላል። በየወሩ 1,000 ብር ከዋናው ዕዳ እየተቀነሰ፣ ወለዱ በቀሪው ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን የሚከፍለው 975 ብር ነው። በሁለቱም ውሎች ላይ የተጻፈው «15 በመቶ» ነው። የ825 ብሩ ልዩነት የሚገኘው ተማሪው ሊጠይቅ ባልተማረው አንድ ጥያቄ ውስጥ ነው፦ «ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው?» እንዲሁም 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 50 ብር «የአገልግሎት ክፍያ» የሚከፍል ሰው፣ ክፍያው በዓመት ሲታሰብ 60 በመቶ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ቁጠባም እንዲሁ ስሌት ይጠይቃል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በ7 በመቶ የተቀመጠ 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ሲሆን፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ1,300 ብር በላይ ይጠይቃል። በዕቁብም ቢሆን መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ያለወለድ የተበደረ ሲሆን፣ መጨረሻ የሚደርሰው ያለወለድ ያበደረ ነው። ይህን የምንለው ቁጠባንና ዕቁብን ለማጥላላት ሳይሆን፣ አባሉ ምን እያደረገ እንደሆነ አውቆ እንዲገባበት ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ደመወዙ ካልበቃ ስሌት ማወቅ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። በእርግጥ ሒሳብ ዝቅተኛ ደመወዝን አያሳድግም፤ የኑሮ ውድነትን ተጠያቂነትም በተማሪው ትከሻ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን መብቱን በቁጥር የማያውቅ ሠራተኛ ምን እንደጎደለበት ለይቶ ሊጠይቅ አይችልም። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እንዲከፍሉ በሕግ ተደንግጓል። የ8,000 ብር ደመወዝተኛ 560 ብር ሲቆረጥበት፣ አሠሪው 880 ብር ጨምሮ ማስገባት አለበት። ይህን ለይታ የምታሰላ ተማሪ ለአባቷም ጠበቃ ናት።

ስለሆነም መምህራን የደመወዝ ወረቀትን፣ የግዢ ደረሰኝንና የብድር ውልን ወደ ክፍል ሊያስገቡ ይገባል። 1,150 ብር በተጻፈበት ደረሰኝ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 150 ብር እንጂ የ1,150 ብሩ 15 በመቶ፣ ማለትም 172 ብር ከ50 ሳንቲም እንዳልሆነ ተማሪው ራሱ ያረጋግጥ። የ5 ሊትር ዘይት 1,500፣ የ3 ሊትሩ 960 ብር ቢሆን፣ የሊትሩን ዋጋ 300 እና 320 ብር ብሎ ያወዳድር።

ኃላፊነቱ ግን የመምህራን ብቻ አይደለም። የዕድር ሒሳብ ሹሞች ዓመታዊ መዝገባቸውን ለሰፈሩ ተማሪዎች ይክፈቱ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የግዢና የመሸጫ ዋጋቸውን እንዲያሰሉ ይጋብዟቸው። ሠርቶ አደሩ ወላጅም ውል ከመፈረሙ በፊት ልጁን ጠርቶ አብሮ ያስላ። የሚያሰላ ኅብረተሰብ በቀላሉ አይታለልም!